የዋግ ማሳ ወይስ የፒፔት ጠረጴዛ፦ በዕፅዋት በሽታ ሁለተኛና ሦስተኛ ዲግሪ የት ይሻላል?

ባለፈው ዓመት መስከረም ላይ የጎረቤታችን ልጅ ሁለት ወረቀት ይዛ ቤቴ መጣች። አንዱ ከኔዘርላንዱ ዋኸኒንገን ዩኒቨርሲቲ የተላከላት የቅበላ ደብዳቤ ነው፤ ስለ ገንዘብ ግን አንድም ቃል የለበትም። ሌላው ከአገር ውስጥ ዩኒቨርሲቲ የመጣ ሲሆን መሥሪያ ቤቷ ደመወዟን ሳይቆርጥ ሊያስተምራት ፈቅዷል። «ጋሼ፣ የቱን ልያዝ?» አለችኝ።

«እንቅልፍ የሚነሳሽ የትኛው በሽታ ነው?» ስል መለስኩላት።

«እኔ እኮ የጠየቅኩዎት ስለ አገሩ ነው» አለች፤ ትንሽ አሰብ አድርጋ ግን «ቆርምድ» ብላ መለሰች። ልጅቱ የሰሜን ሸዋ ሰው ናት። የአያቷ የባቄላ ማሳ ቅጠሉ እባጭ በእባጭ ሆኖ ሲጠፋ በልጅነቷ አይታለች። ከዚያ በኋላ የተነጋገርነው ሁሉ ከዚህች አንዲት ቃል የወጣ ነው። በየዓመቱ ተመሳሳይ ጥያቄ ይዘው ለሚመጡ ወጣቶችም ይጠቅም እንደሆነ ብዬ እዚህ አስፍሬዋለሁ።

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው ገና ከመነሻው ነው። ዩኒቨርሲቲዎችን በዝና ደርድሮ ከላይ ወደ ታች ማመልከት ይጀምራል። የዕፅዋት በሽታ ትምህርት ግን በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት ሙያዎች ናቸው። አንደኛው በሽታውን በማሳ ላይ የሚያሳድድ ነው፤ ሁለተኛው በተክሉና በረቂቅ ተሕዋሱ መካከል ያለውን ውጊያ በዘረ መል ደረጃ የሚመረምር። የሁለቱ የዕለት ውሎ አይመሳሰልም፤ የሚሆኑበትም አገር የተለያየ ነው።

የመጀመሪያውን በስንዴ ዋግ ላሳያችሁ። ከአርሲ ወይም ከባሌ ማሳ ዋግ የመታው የስንዴ አገዳ በወረቀት ከረጢት ታሽጎ ወደ አምቦ ይመጣል። የሸክላ ቀለም ያለው ዱቄት በተጠቂ የስንዴ ዝርያ ቡቃያ ላይ ይራባል። ከአንዲት እባጭ ብቻ የተወሰደው ዱቄት ተለይቶ ይበዛና በቀላል ዘይት ተበጥብጦ፣ የመቋቋም ጠባያቸው በታወቀ ሃያ የስንዴ ዓይነቶች (መስመሮች) ላይ ይረጫል። ቡቃያው አንድ ሌሊት በጨለማና በእርጥበት ያድራል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ተማሪው ትሪውን መስኮት አጠገብ አስቀምጦ ቅጠሉን አንድ በአንድ እያየ ከ0 እስከ 4 ነጥብ ይሰጣል። ከ0 እስከ 2 ያለው ተክሉ ተቋቁሟል ማለት ነው፤ 3 እና 4 ተሸንፏል ማለት ነው። ሃያዎቹ መስመሮች በአራት በአራት ተከፍለው አምስት ፊደል ይወጣላቸዋል፤ የዋጉ ዘር፣ ማለትም የዋጉ ዓይነት፣ ስሙ ይኸው ነው። ዓለም «ዩጂ99» ብሎ የሚያውቀው የግንድ ዋግ ዘር በዚህ አሠራር «ቲቲኬኤስኬ» ይባላል።

ሥራው አሰልቺ ነው የሚሉ አሉ። እኔ ግን ይህ አምስት ፊደል የስንዴ ገበሬን ዕጣ ሲወስን አይቻለሁ። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ ኩብሳ የተባለውን ዝርያ ክፉኛ ሲመታ ገበሬው ወደ ዲገሉ ዞረ። ዲገሉ ቢጫ ዋግንም ዩጂ99ንም ይቋቋም ነበር። ብዙም ሳይቆይ በ2013 «ቲኬቲቲኤፍ» የተባለ ሌላ የግንድ ዋግ ዘር መጥቶ ያንኑ ዲገሉን አወደመው።

ሁለተኛው ሙያ የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ ዲገሉ ለምን ወደቀ? ዲገሉ ኤስአር-ቲኤምፒ የተባለ የመቋቋሚያ ዘረ መል ይዟል፤ አዲሱ ዘር ደግሞ ይህን መከላከያ ያለፈ ነው። አሜሪካዊው ተመራማሪ ፍሎር እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ በሰሜን ዳኮታ በተልባ ዋግ ላይ ሲሠራ፣ በተክሉ ውስጥ ላለው ለእያንዳንዱ የመቋቋሚያ ዘረ መል በበሽታው በኩል ተጓዳኝ ዘረ መል እንዳለ አሳየ። የዘመኑ የዕፅዋትና የረቂቅ ተሕዋስያን ሳይንስ በዚህ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው። ኤስአር35 የተባለው የስንዴ ዘረ መል ተለይቶ የወጣው በ2013 ነው። ዋጉ በኩል ያለው ጥንዱ የተገኘው ግን ከአራት ዓመት በኋላ በ2017 ነው። የዚህ ሙያ ተማሪ ማሳ ሳይረግጥ ዓመት ሊሞላው ይችላል። ውሎው ከፒፔት (ጠብታ ፈሳሽ መለኪያ)፣ ከቱቦና ከኮምፒውተር ጋር ነው። ደስ የሚለው ቀን የሚመጣው የትምባሆ ዘመድ በሆነች ትንሽ ተክል ቅጠል ላይ መርፌ በሌለው ስሪንጅ ባክቴሪያ ገፍቶ ካስገባ በኋላ ነው። ጥቂት ቀናት ያልፉና ያ ክብ ቦታ ብቻ ደርቆ ወረቀት ይመስላል። ተክሏ ጠላቷን አውቃዋለች፤ ያንን የቅጠሏን ክፍል ራሷ ገድላ በሽታውን ዘግታበታለች።

ረቂቅ ተሕዋስ ሁሉ ጠላት እንዳልሆነም አትርሱ። የባቄላ ሥር ላይ ያለችውን እባጭ በጥፍራችሁ ስትሰነጥቋት ውስጧ ሮዝ ከሆነ፣ የሚኖርባት ባክቴሪያ ከአየር ናይትሮጂን እየቀዳ ተክሉን እየመገበ ነው። በዚህ ዘርፍ አገር ውስጥ የቆየ ሥራ አለ፤ የመናገሻ ባዮቴክ ፋብሪካ ለጥራጥሬ የሚያመርተው ባዮማዳበሪያም ከዚሁ የመጣ ነው። ላብራቶሪ የሚወድ ነገር ግን ከአገር መራቅ የማይሆንለት ሰው ይህንን መንገድ ቢያስብበት ጥሩ ነው።

አሁን ወደ ምርጫው እንግባ። ለእኔ ያሉት አምስት ናቸው፤ እኩል ግን አላወራላቸውም፤ እኩል አይደሉምና።

አገር ውስጥ መማር ብዙ ሰው እንደ መጨረሻ አማራጭ የሚያየው ነው። በማሳ በሽታ ጉዳይ ግን ከሁሉም ይቀድማል ብዬ እከራከራለሁ። ሐረማያ የድኅረ ምረቃ ትምህርት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው፤ በዕፅዋት በሽታም ሁለተኛና ሦስተኛ ዲግሪ ይሰጣል። ጅማ ቡና ውስጥ ነው የተቀመጠው፤ ሐዋሳ ደግሞ እንሰት ውስጥ። አምቦ የዋግ ላብራቶሪው ደጅ ነው። የቡና ፍሬ በሽታ ኢትዮጵያ ውስጥ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። መፍትሔ የተፈለገለትም ከራሳችን የቡና ዛፎች መካከል ነው፤ በ1974 የተመረጡት፣ በሽታውን የሚቋቋሙት 74110 እና 74112 የተባሉ ዝርያዎች ዛሬ በውጭ አገር በውድ በሚሸጡ የቡና ከረጢቶች ላይ ስማቸው ይታተማል። ጠጪው ሰው ይህ ቁጥር የበሽታ ታሪክ መሆኑን የሚያውቅ አይመስለኝም። የእንሰት አጠውልግም ለሳይንስ የተዋወቀው እዚሁ ከተሠራ ሥራ ነው፤ በ1968 የታተመው ጽሑፍ ዛሬም ሙዝ ላይ የሚሠሩ የምሥራቅ አፍሪካ ተመራማሪዎች የሚጠቅሱት ነው። ይህን ሁሉ የማነሣው ለኩራት ብዬ አይደለም። በሽታው ደጃፍ ላይ ሲሆን ናሙና ለመሰብሰብ የሚያስፈልገው የሞተር ሳይክል ነዳጅና ጫማ ብቻ መሆኑን ለማሳየት ነው።

ጉድለቱን ደግሞ በራሴ አውቀዋለሁ። ስሙን በማልጠራው ተቋም ሁለተኛ ዲግሪዬን ስሠራ ኦቶክሌቩ (በእንፋሎት ጀርም የሚገድለው ማሽን) ተበላሽቶ አራት ወር ቆየ። የፈንገስ ምግቤን የማፈላው ከቤት ባመጣሁት የወጥ ማብሰያ ፕሬዠር ነበር። መጀመሪያ የሠራኋቸው ሃያ ፔትሪ ዲሾች (ፈንገስ የሚያድግባቸው ሳህኖች) በሙሉ አረንጓዴ ሻጋታ በቀለባቸው፤ እኔ ያላስቀመጥኩት ሻጋታ። ኬሚካል በውጭ ምንዛሪ ይገዛልና ስድስት ወር መጠበቅ ያለ ነገር ነው፤ የዘረ መል ንባብ የሚያስፈልገው ናሙናም ብዙ ጊዜ ወደ ውጭ ይላካል። ስለዚህ አገር ውስጥ የሚገባ ሰው ርእሱን ሲመርጥ «ይህንን በማይክሮስኮፕ፣ በግሪንሃውስና በማሳ ብቻ ልጨርሰው እችላለሁ?» ብሎ ይጠይቅ። መልሱ «አልችልም» ከሆነ ርእሱን ይቀይር እንጂ ዕድሉን አይጠብቅ። ሌላው መጠየቅ ያለበት የአማካሪው ጉዳይ ነው፤ በአሁኑ ሰዓት ስንት ተማሪ ይዟል? ከዐሥር በላይ ከሆነ ረቂቃችሁ ጠረጴዛው ላይ ክረምቱን ያሳልፋል። ለመግባት የብሔራዊውን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ማለፍ እንደሚያስፈልግም ታውቃላችሁ፤ ፈተናው ስለ ፈንገስ አይጠይቅም፤ ለእሱ ለብቻው ተዘጋጁ።

አውሮፓን እንይ። ዋኸኒንገን በዚህ ሙያ ከዓለም ቀዳሚዎቹ ጋር የሚቆጠር ነው። የዕፅዋት ሳይንስ ሁለተኛ ዲግሪው ሁለት ዓመት ይፈጃል፤ በመጀመሪያው ኮርስ፣ በሁለተኛው የመመረቂያ ምርምርና የተግባር ልምምድ። ነገር ግን ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ለሚመጣ ተማሪ ክፍያው በዓመት 20 ሺህ ዩሮ ገደማ ነው፤ የቤት ኪራይና ምግብ ሳይቆጠር። ለጎረቤቴ ልጅ ገንዘብ የሌለው ቅበላ ግማሽ ቅበላ መሆኑን የነገርኳት ለዚህ ነው። ቤት ሸጠው የሚልኩ ወላጆች አሉ፤ እኔ አልመክርም።

ጀርመን ከዚህ የተለየ ነው። ጎቲንገን ዩኒቨርሲቲ በእንግሊዝኛ የሚሰጥ የሰብል ጥበቃ ሁለተኛ ዲግሪ አለው፤ የትምህርት ክፍያ አይጠይቅም፤ በየሴሚስተሩ የሚከፈለው መዋጮ ጥቂት መቶ ዩሮ ነው። ወጪው ያለው ቪዛው ላይ ነው። ስኮላርሺፕ የሌለው ተማሪ የአንድ ዓመት መኖሪያ ገንዘብ በዝግ ሒሳብ ውስጥ ማሳየት አለበት፤ ከ2024 መጸው ጀምሮ 11,904 ዩሮ ሆኗል። ለዚህ ነው ለጀርመኑ ዳድ ስኮላርሺፕና ለአውሮፓ ኅብረቱ ኢራስመስ ሙንዱስ ማመልከት ግዴታ የሚሆነው። የኢራስመስ ሙንዱስ ተማሪ በወር 1,400 ዩሮ ያገኛል፤ ትምህርቱም በሁለት ወይም በሦስት አገር ይከፋፈላል። የሚያመለክተው ሰው ብዙ ነው፤ አንድ ጊዜ ወድቆ በሁለተኛው ዓመት የገባ ሰው ግን አውቃለሁ።

አውሮፓ ውስጥ ሦስተኛ ዲግሪ በጀርመን፣ በኔዘርላንድና በስዊድን በአብዛኛው ሥራ ነው፤ ማስታወቂያ ይወጣል፣ ቃለ መጠይቅ አለ፣ ውል ይፈረማል፣ ደመወዝ ይከፈላል። ሦስት ወይም አራት ዓመት ነው። ሁለተኛ ዲግሪ ግን ቀድሞ መያዝ ያስፈልጋል፤ ርእሱም ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የተወሰነ ነው። የራሳችሁን በሽታ ይዛችሁ ብትሄዱ አማካሪው በትሕትና ይሰማችሁና ወደ እሱ በሽታ ይመልሳችኋል።

አሜሪካ የዚህ ተቃራኒ ነው። ከመጀመሪያ ዲግሪ በቀጥታ ወደ ዶክትሬት መግባት ይቻላል፤ አምስት ዓመት ገደማ ይፈጃል። በምርምር ረዳትነት የሚገባ ተማሪ ክፍያው ይሸፈንለታል፣ የኑሮ ገንዘብና የጤና መድኅን ያገኛል። ስለዚህ ከአሜሪካ የመጣ የዶክትሬት ደብዳቤ ገንዘብ ከሌለበት ሁለት ጊዜ አንብቡት፤ አንድ ነገር ጎድሎታል። ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የዕፅዋት በሽታ ዲፓርትመንቱን ያቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1907 ነው፤ በአገሪቱ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። ዛሬ «የዕፅዋት በሽታና የዕፅዋት-ረቂቅ ተሕዋስያን ሥነ ሕይወት» በሚል ስም ሁለቱን ሙያዎች በአንድ ጣሪያ ይዟል፤ ጣሪያው ግን ሁለት ከተማ ላይ ነው። ኢታካ ያለው ወገን ወደ ዘረ መሉ ያደላል። አንድ ሰዓት ገደማ የመኪና መንገድ ላይ ያለው የጄኔቫ ምርምር ጣቢያ ደግሞ ከፖምና ከወይን ገበሬ ጋር ይሠራል። ስታመለክቱ የትኛው ግቢ እንደምትፈልጉ ካልጻፋችሁ ማመልከቻውን የሚያነበው ሰው አላወቃችሁም ይላል። ዩጂ99 ከተነሣ በኋላ ዓለም አቀፉን የስንዴ ዋግ ዘመቻ ያስተባበረው ኮርኔል ስለሆነ ከኢትዮጵያ ተመራማሪዎች ጋር የቆየ ትውውቅ አለው።

ለዋግ ብቻ የሚሄድ ሰው ግን ሚኒሶታን ይመልከት። ስመ ጥሩ የስንዴ ተመራማሪ ኖርማን ቦርሎግ እ.ኤ.አ. በ1942 በዕፅዋት በሽታ ዶክትሬቱን የያዘው እዚያ ነው፤ የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር የእህል በሽታ ላብራቶሪም እዚያው ሴንት ፖል ይገኛል። አንድ የሚያስገርም ነገር ልንገራችሁ፤ ከውጭ የመጡ የግንድ ዋግ ዘሮችን እዚያ የሚያነቃቁት ማሳው በረዶ በሆነበት ወራት ብቻ ነው። ድንገት ቢያመልጥ እንኳ የሚያርፍበት ስንዴ እንዳይኖር ነው። እኛ ጋ ተማሪው በመስከረም ማሳ መካከል ቆሞ ሱሪው ቀይ እስኪሆን የሚያጠናውን ነገር፣ እዚያ በተዘጋ ክፍል ውስጥ በጥር ብርድ ያጠናዋል። ሁለቱም ያስፈልጋል፤ የትኛው እንደሚያስደስታችሁ ግን ራሳችሁ ታውቃላችሁ።

ደቡብ አፍሪካን ብዙ ሰው ይረሳል። ፕሪቶሪያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ «ፋቢ» እየተባለ በአጭሩ የሚጠራው የደንና የግብርና ባዮቴክኖሎጂ ተቋም በዛፍ በሽታ ስመ ጥር ነው፤ በኢትዮጵያ የባሕር ዛፍ በሽታዎችም ላይ የዶክትሬት ሥራ ተሠርቶበታል። ሁለተኛ ዲግሪው ያለ ኮርስ በምርምር ብቻ ነው፤ ስለዚህ መሠረቱ የሳሳ ሰው ይቸገራል፤ እጁ የሠለጠነ ሰው ይደሰታል። ከዚህ በላይ የምለው የለኝም፤ የደን ሰው ከሆናችሁ ግን ቀድማችሁ ጻፉላቸው።

ወደ ቆርምድ ልመለስ፤ ምርጫውን የወሰነው እሱ ነውና። በሽታው ሰሜን ሸዋ ውስጥ መታየት ሲጀምር ዓመታትን ሙሉ መንስኤው «ኦልፒዲየም» የተባለ ተሕዋስ ነው ተብሎ ሲጻፍ ኖረ፤ ይህ ተሕዋስ ጃፓን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1912 የተገለጸ ነው። በ2021 የኢትዮጵያና የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች በጋራ ያሳተሙት ጥናት ግን ኦልፒዲየም ሳይሆን «ፋይሶደርማ» ነው አለ። ማለትም ገበሬው ቆርምድ ብሎ ስም ያወጣለትን በሽታ ሳይንሱ ለዐሥር ዓመት ያህል በተሳሳተ ስም ሲጠራው ነበር። ስሙ ደግሞ የወግ ጉዳይ አይደለም። በምን መድኃኒት እንደሚረጭና አፈር ውስጥ ምን ያህል እንደሚቆይ የሚታወቀው መንስኤው ሲታወቅ ነው።

ይህንን ስነግራት ልጅቱ ዝም አለች። ከዚያ «ታዲያ እኔ ውጭ ሄጄ ምን ላጠና ነው? ቆርምድ እዚያ የለም» አለች። እዚህ ላይ ነው ሁለተኛው ችግር የሚመጣው። ተሕዋሱ በፔትሪ ዲሽ አይበቅልም፤ ሕያው ባቄላ ይፈልጋል። አውሮፓ ሄዳ ልታጠናው ብትፈልግ በሽታውን ተሸክማ መሄድ አለባት፤ ያ ደግሞ በሁለቱም በኩል ፈቃድ ይጠይቃል። ከዚህ በኩል በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት የኢትዮጵያ ብዝኀ ሕይወት ኢንስቲትዩትን ማነጋገር ግድ ነው። ከዚያ በኩል የኳራንቲን ፈቃድ ያስፈልጋል። ፕሮጀክታቸው ናሙና ላይ የተመሠረተ ተማሪዎች ይህንን ወረቀት በመጨረሻው ሰዓት ሲጀምሩና ሴሚስተር ሲያቃጥሉ አይቻለሁ።

እኔ የሰጠኋት አምስተኛውን ምርጫ ነው፤ ሳንድዊች የሚባለውን። ሁለተኛ ዲግሪዋን እዚህ በማሳ ሥራ ትያዝ፤ የበሽታውን ስርጭት፣ የትኛው የባቄላ ዝርያ እንደሚችለው፣ መቼ እንደሚጀምር ትመዝግብ። ከዚያ ለሦስተኛ ዲግሪ እዚህ ተመዝግቦ የላብራቶሪ ሥራውን ውጭ የሚያሠራ ፕሮግራም ትፈልግ። የስዊድን የግብርና ዩኒቨርሲቲ ከኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር በዚህ መልክ ለረጅም ጊዜ ሲሠራ ቆይቷል። ሰው ተምሮ ሳይመለስ ይቀራል የሚለው ሥጋት እዚህ ላይ ይቀንሳል፤ ተማሪውም ሁለቱን ሙያ ይቀምሳል። ድካሙ ሁለት አማካሪ ማስደሰት ነው፤ አንዱ ዝናብ ሲጠብቅ ሌላው የዘረ መል ውጤት ይጠይቃል።

ስለ ሥራ ጠየቀችኝ። በአገር ውስጥ የሚቀጥሩት የምርምር ማዕከላትና ዩኒቨርሲቲዎች ብቻ አይደሉም። የባቱና የሆለታ አካባቢ የአበባ እርሻዎች ጽጌረዳ ላይ የሚወጣ ሻጋታን በዓይን አይቶ በዚያው ሰዓት የሚወስን ሰው ይፈልጋሉ፤ ስለ ዘረ መል ማንም አይጠይቅም። ዓለም አቀፍ ማዕከላት ግን ሁለቱንም የሚያውቅ ሰው ይመርጣሉ። ማሳ ብቻ የሚያውቅ ሰው የሚቀጠርበት ቦታ ይበዛል፤ ላብራቶሪ ብቻ የሚያውቅ ሰው የሚከፈለው ይበልጣል፤ ግን አገር ውስጥ የሚቆምበት ጠረጴዛ ጥቂት ነው።

ለአማካሪ ደብዳቤ የምትጽፉ አንድ ነገር ስሙኝ። «በተከበረው ተቋምዎ የመማር የረጅም ጊዜ ሕልም አለኝ» የሚል መጀመሪያ ፕሮፌሰሩ በሳምንት ሃያ ጊዜ ያነበዋል። ያያችሁትን ጻፉ። ልጅቱ ለአንድ ተመራማሪ የጻፈችው የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር «በአያቴ ማሳ ላይ በሐምሌ ሁለተኛ ሳምንት ቅጠሉ በታች በኩል ማበጥ ጀመረ» የሚል ነበር። በሦስተኛው ቀን መልስ መጣላት። ከአሜሪካ ገንዘብ ያለው ደብዳቤ የደረሳችሁ ደግሞ ቶሎ ፈርሙ ብሎ ማንም እንዳያጣድፋችሁ፤ በዚያ አገር አብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲዎች በተስማሙበት ደንብ እስከ ኤፕሪል 15፣ ማለትም እስከ ሚያዝያ 7 ድረስ የማሰብ መብት አላችሁ። ይህንን ሳያውቅ በጥር ፈርሞ በመጋቢት የተሻለ የመጣለት ሰው ሲያዝን አይቻለሁ።

የዋኸኒንገኑን ደብዳቤ በትሕትና መለሰችው፤ የአገር ውስጡን ያዘች። ባለፈው ነሐሴ ከደብረ ብርሃን ወጣ ካለ ማሳ የባቄላ ቅጠል ፎቶ ላከችልኝ፤ ጣቷ ጭቃ ነው። ከሥሩ «ጋሼ፣ ይህ ቆርምድ ነው ወይስ ሌላ?» ብላ ጽፋለች። እባጩን በምላጭ ስስ አድርገሽ ቁረጪና ማይክሮስኮፕ ሥር አስገቢው፣ በስልክ አልፈርድም ብዬ መለስኩላት። ማታ አንድ ሰዓት ላይ ሌላ ፎቶ መጣ፤ ክብ ክብ ቡናማ ነገሮች ታጭቀውበታል፤ ቆርምድ ነው።